ሠላሳ አንድ

ከሮቢት ስነሣ፣ በቀትር ፀሐይ፣
ልክ ነበር ቁጥሩ ዳሽቦርዴ ላይ።
ሠላሳ አንድ ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ግሏል፤
መሪው እጅ ይፈጃል፣ ወንበሩ ይጠብሳል፣
ከኋላ በጆንያ ሽንኩርቱ ይሸታል።

አርማንያን አለፍን፤ ሠላሳ አንድ።
ደብረሲና ቆመን ቆሎ ስንገዛ፣
ነፋሱ በመስኮት ገባ እንደ ዘመድ፣
ሳያንኳኳ፣ ሳይል «እንደምን ዋላችሁ»፤
ቁጥሩ አልሰማውም። ሠላሳ አንድ።

ዳገቱን ስንይዘው በሁለተኛ ማርሽ፣
ከገደሉ በኩል ጉም ተነሣ፣ እርጥብ፣
እንደ ታጠበ በግ።
የፊት መብራት ባበራ
ሁለት ክንድ ተጉዞ ብርሃኑ ቆመ፣ የፈራ መሰለ።
ጣርማበር ዋሻ አፍ ላይ መስታወቱ ላበ፣
የወይዘሮ አስካለማርያም ጥርስ ተማታ፦
«ሹፌር፣ ያ የሚያበራው ቁጥር ስንት ነው የሚለው?»
«ሠላሳ አንድ» አልኩኝ። «ውሸቱን ነው፣ እማማ።»

«የለም!» አሉ መምህር ተክለየስ ከጎኔ፣
ጉዶ በረት ፊዚክስ የሚያስተምሩት፣
መነጽራቸውን በመሐረብ ወልውለው፦
«መሣሪያ አይዋሽም፣ የሚዋሽ ሰው ነው።
ቆዳ ስሜት አለው፣ ስሜት ወገን አለው፤
ቁጥር ግን ቁጥር ነው።»
ብለውም አልቀሩ፣ ጃኬት አወለቁ።
እግዜር ያሳያችሁ! ጣርማበር፣ በሐምሌ፣ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ፣
የክንዳቸው ፀጉር እንደ ገብስ ቡቃያ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣
ከንፈራቸው ጠቁሮ፣
ለሠላሳ አንድ ሲቆሙለት።
«ክርክር ያሞቃል» አለ ረዳቴ ጥላዬ፣
አንገቱን በፎጣ እስካፍንጫው ጠቅልሎ።

ጉዶ በረት ወረዱ።
መኪናው ሲርቅ፣ በጎን መስታወት አየሁ፤
ጃኬቱን ሲለብሱ፣ አንዱን እጅጌ ስተው፣ በሩጫ።

ወይዘሮ አስካለማርያም ከኋላ ወንበር ላይ
የሽንኩርቱን ጆንያ እንደ ልጅ አቅፈው፣
«ይኼ እንኳ» አሉ፣ «የሮቢትን ፀሐይ ትንሽ አስቀርቶልኛል።»

ደብረ ብርሃን፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣
የማሙሸት ጋራዥ።
ካርቶን አነጠፈ፣ ከሥሯ ገባና
ሳቁ ነው የወጣ።
«አንተ፣ ፓራውልቱ ውስጥ አፍንጫ የምታክል ሴንሰር አለችልህ፤
ያኔ ፍየል ስትገጭ ከቦታዋ ወልቃ፣
አንዱ ብልጥ በሽቦ ራዲያተር ጎን ጠፍሯታል።
ምን ታድርግ? አልዋሸች።
የታሰረችበትን ሰፈር ነው የምታወራው።»

ስቄ ዝም አልኩኝ።
ማታ ማታ ከሮቢት ሚስቴ ትደውላለች፦
«ብርዱስ? ኪራይ ቤቱስ? ጉንፋኑስ ለቀቀህ?»
«ምን ብርድ አለ» እላለሁ፣ ሁለት ጋቢ ደርቤ፣
ግድግዳው ላይ ውሃ ሲወርድ እያየሁ፣
«ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ።»
ዓመት ከመንፈቅ፣ አንድ ቁጥር።
እኔንስ ማን ይሆን የጠፈረኝ በሽቦ?
ከየትኛው ሞተር ጎን?

ማሙሸት በፒንሳ ሽቦውን ቆረጠ፣
ወደ ፊት አሰራት፣ ነፋስ ወደሚመታት። ሁለት መቶ ብር።
ቁጥሩ ግን ወዲያው አልወረደም፤
እንደ ባላገር ዳኛ፣ ምስክር ካልሰማ የማይፈርድ ነገር።
እስከ ጠባሴ ነዳሁት።
ሃያ ስምንት አለ። ሃያ አንድ። አሥራ አራት።
ነዳጅ ማደያው አጠገብ ሰባት ላይ ቆመ።

ያን ጊዜ በረደኝ።

ዳር ይዤ አቆምኩና፣ ዛሬ እኔ ቀድሜ ደወልኩ።
«ምነው? ምን ሆነሃል?»
«ሰባት ነው» አልኳት።
«ሰባት ሰዓት? እዚህ ገና አሥራ ሁለት አልሞላም።»
«ሰዓቱን አይደለም» አልኩ፤ ጥርሴ ተማታብኝ፤
«ብርዱን ነው። በርዶኛል።»