ሃምሳ አምስት ጭረት

እንካ ቁልፉን፣ ሸምሱ። ሊብሬውም ያውልህ።
ደላላው ድርሻውን ተቀብሎ ሄዷል፤
አሁን ነው እውነቱን እኔ የምነግርህ።

ና በሾፌሩ በኩል። በሩን ክፈተውና እየው፤
ከመስታወት ማንሻው በላይ፣
በእስክሪብቶ የተጫረው
ቆሻሻ አይደለም። እንዳታሳጥበው።

ቆጣሪው ከቆመ ቆይቷል። "ቁጥሩ ካላረጀ
መኪናም አያረጅ" አለ ደላላው ሲስቅ፤
ዘይት ግን ቁጥር አያነብም፣
የሚያውቀው ብረት በብረት ሲፋቅ።

እናም በአጋሮ ቆጠርኩ።
ጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ፣ አንድ ጭረት ጫርኩ።
ዘጠና ኪሎሜትር ይሆናል፣ መንገዱ ሲሰፈር፤
ሃምሳ አምስት ጭረት ሲሞላ፣
አምስት ሺህ ለመድፈን ሃምሳ ቢቀር፣
እሷን ለአቧራው ተውኩለት፤ ከአቧራ ጋር ምን ክርክር።

ያን ቀን ማታ፣ ሞተሩ ሳይበርድ፣
አባ ዋሪ ጋራዥ፣ ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣
ታፖውን ታስፈታለህ፤ ጥቁሩ ይወርዳል
ወደ ጀሪካኑ ነጉዶ።
ፊልትሮውም አብሮ ይለወጥ።
"ለሁለት ዙር ይችላል" ካለህ ልጁ፣
ገላን ታጥቦ የትናንት ካልሲ ማጥለቅ ነው፤
አትስማው፣ ምላሱ ነው የሚፈጥን፣ ሰነፍ ነው እጁ።

መጽሐፉ አሥር ሺህ ይላል። አዎ፣ ይላል፤
የጻፈው ሰው ግን የሰቃን አቧራ መቼ ያውቃል?
በየካቲት፣ ከፊትህ ያለውን አይሱዙ ሲሰውረው፣
የአየር ፊልትሮውን በሳምንት አንዴ ንፋው፣
በዓመት ሁለቴ ቀይረው።

የፍሬን ዘይትን ጉዞ አይደለም የሚያስረጀው፤
እርጥበት ነው። ቆሞም ይጠጣል፣
የኛ አገር ዝናብ ነው የሚፈጀው።
በሁለት ዓመት አንዴ፣ ባይጎድልም ባይጠቁርም አስደፋው፤
ኮንትራት ይዘህ የግቤን ቁልቁለት ስትወርድ ነው
ዋጋው የሚገባህ፣ እግርህ ፔዳሉን ሲገፋው።

ለራዲያተሩ የአዌቱን ውሃ አትቅዳ፣ ዝገት ነው ትርፉ።
አረንጓዴውን ግዛ። ውድ ነው፤
ግን ጠይቃቸው ቴስታታ ያስላጡትን፣
በአንድ ቀን ስንት እንዳረገፉ።

የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ደግሞ... ረስቼው ነበር፤
በየአርባ ሺው ነው። አራት መቶ አርባ አራት ጭረት፤
በሩ አይበቃህም፣ ከጣራው ጀምር።

አሁን እዚህ ጋ ተመልከት፣ ከማጠፊያው ሥር፤
ይሄኛው ረድፍ ሃምሳ አምስትን አልፎ
ሰማንያ ዘጠኝ ይደርሳል፣ በጠባብ መስመር።
ደላላው "በቤንዚን አጥፋው" ብሎኝ ነበር።

መስከረም ነው። ዙልፋ ነርሲንግ የተመዘገበች ለት
ብሩ ጎደለ። ኪሴ ውስጥ የዘይቱ ነበር፤
እሱን ሰጠኋት።
"በሚቀጥለው ሳምንት" አልኩ። ደግሞ በሚቀጥለው።
ዘይት አይጮህም፣ አይከስም፣
ዝም ብሎ ነው የሚቀጥነው።

ሠላሳ አራት ጭረት ተበደርኳት።
ከዚያ ወዲህ በጠዋት ስትነሳ
ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች፣ ትንሽ፣ ሞቅ እስኪላት፤
እኔ ብረሳም እሷ አትረሳ።

ጥፋቱ የኔ እንጂ የሷ አይደለም።
ዙልፋ ዛሬ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ናት፤
ተጸጸትኩ አልልም።
ጭሱም አልቆመም።

ለዚህ ነው ካወራነው ላይ ስድስት ሺህ የቀነስኩት፤
ደላላው "ሞኝ" ሲለኝ፣ አንተ ስትጠረጥረኝ፣
ለሁለታችሁም ዝም ያልኩት።

ጨርቁ ከመቀመጫው ሥር ነው፤ የዘይት መለኪያውን በሱ ጥረገው።
ቤቴ ቆጪ ነው፣ ከመንገዱ ዳር፤
ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ታልፋለህ በደጄ።
እስክሪብቶዋንም እንካ፣ ገና ትጽፋለች፤
ከዛሬ ወዲያ ቁጥሩ ወጣ ከእጄ።

ድምፅዋ ግን፣ ግድግዳ ቢለየንም፣ ይሰማኛል።
ሃምሳ ስድስተኛው ጠዋት
ያንኑ ጥቁር ዘይት ይዘህ ብታልፍ፣ ሸምሱ፣
በሽርጤ እወጣለሁ፣ ጫማም አላደርግ፣
መሐል አስፋልት እቆማለሁ፤
ተሳፋሪህ ሁሉ ያየኛል።