አንድ ሰው የቀረው

ከዓለም ገና ማዶ፣ ካፊያው እንደ መጣ፣
ረዳቱ በር ላይ ስለ መልስ ሲቆጣ፣
ራዲዮኑ አወራ፦
«ታላቁ ሽልማት ዘንድሮ ለማን ወጣ?
ከላም ወደ ሰው የሚያልፈውን ሳል ምስጢሩን ያወጣ
አንድ ሰው ነው» አለ።
«ሰበታ! ሰበታ! አንድ ሰው የቀረው!» ረዳቱ ቀጠለ።

አሥራ ሁለት ወንበር ላይ አሥራ ዘጠኝ ሆነን፣
ጉልበት በጉልበት ላይ፣ ትንፋሽ ተበድረን፣
ከመስተዋቱ ጋር ጉንጬ ተጣብቆ
ሳቄ አመለጠኝ።
ጎኔ ያለው ሰውዬ አየኝ ተሳቆ።

የኔ እንጀራ ሰም ነው።
ከላም ሳንባ ቆርጬ የጥፍር ታህል ሥጋ፣
የቀለጠ ሰም ውስጥ አስተኛውና ሲረጋ
እልጠዋለሁ ስስ፣ ከፀጉር አቅጥኜ፣
ብርሃን እስኪያልፈው፣ ትንፋሼን አፍኜ።
አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ። አንገቴ ያውቀዋል።

ወርዶፋስ፣ ዘበኛው? መብራት የጠፋ ሌሊት፣
ጄኔሬተሩም አስሎ ዝም ሲል ድንገት፣
ከአበባ እርሻው ለምኖ፣ በረዶ በባጃጅ
አምጥቶ ጠቀጠቀ እስኪሞላ ፍሪጅ።
ካፖርቱን ለናሙናው አልብሶት አደረ፣
እሱ በሸሚዙ ሲንቀጠቀጥ ነበረ።
ወርዶፋ አምና ሞተ።
ሽልማት ለሙት አይሰጥም ይላሉ።
ቢኖርስ?

ዘርፌሽዋል ጠርሙሱን ሦስቴ ባታለቀልቅ፣
አዱኛ መዝገቡን፣ ሰባት ከአንድ እንዳይምታታ፣ ዓይኑ እስኪቀላ ባይጠብቅ፣
ያቺ የወጨጫ ባልቴት አንዷን ላሟን ለቢላ ባትለቅ፣
ማን ምኑን ያውቅ?

ጽሑፉ ሲታተም ሁለት መቶ አርባ ስም
በጉንዳን ፊደል ሰፍሯል፤ እኔ ግን የለሁም።
መጨረሻው ገጽ ላይ አንዲት መስመር አለች፦
«ምስጋና ለላብራቶሪው ሠራተኞች በሙሉ።»
«በሙሉ» እኛ ነን።

ሰውየው ክፉ አይደለም፤ አንዴ መጥቶ ነበር፤
እግሩ የተሰበረው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣
አጉሊ መነጽሩ ላይ ሰዓት ሙሉ አቀርቅሮ
«ይህን ማን ቆረጠው?» ብሎ ጠየቀ አሉ።
እኔ ምሳ ወጥቼ።
«የኛ ልጆች» ተባለ።

ቅኔ ሲያስተምሩን ሰሙ ከላይ ነበር፣
ወርቁ ከሥር ተቀብሮ በፈቺ የሚቆፈር፤
ዛሬ ወርቁ ደረት ላይ፣ ፎቶ ላይ ያበራል፣
ሰሙ ከሥር ቀርቷል፣ ፈቺ ይጠብቃል።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።
እኔን ለማውረድ ሦስት ሰው ወረደ።
ጭቃው ላይ ቆሜ ጫማዬን ስጠርግ
ሦስቱ ተመልሰው ገቡ፣ መኪናው ነጎደ፣
ረዳቱ በመስኮት፦ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!»

ቢላዬ ደንዟል።
ዛሬ ሳልስለው ሥራ አልጀምርም።