ብረት የማይንቅ

ታይዋን ገበያ፣ ከሽቶ ሻጮች ጎን፣ ከሸራው ጥላ ሥር፣
ጉሌድ ሁለት ዘንግ አጋደመልኝ፣ ካርቶን ላይ ዳር ለዳር።
የብረት መፈለጊያ ናቸው፤
ከአንድ ማህፀን የወጡ፣ ሰሃን የሚያህል እግራቸው፣
እስከ ወገቤ ቁመታቸው።
አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጥቁር፤
ሌላው ሁሉ ግልባጭ ነው፣ ብሎኑን አንድ በአንድ ብትቆጥር።

«አቦ ጋሼ! ዓይንህን ጨፍነህ አንዱን አንሳ» ይለኛል፤
ሰላሳ አራት ዓመት አቴሊዬ ለኖረ ሰው ይህ ይባላል?
ብሎን እንኳ ስገዛ ጥርሱን በጥፍሬ ቆጥሬ፣
ለአንድ የጎማ ቀለበት ቀፊራን ሦስቴ ዞሬ፣
ጡረታዬን ከዕቁብ ዕጣ ጋር ደምሬ
በጭፍን ልስጥ እንዴ ዛሬ?

ባትሪስ? «ቢጫው ስድስት ይበላል፣ ጥቁሩ አራት።»
ውሃስ? «እግራቸውን ንከር፤ ጭንቅላታቸው ላይ ግን አትቀልድበት።»
ክብደት? በግራ በቀኝ ይዤ ስመዝን ሰው ቆሞ አየኝ፣
ራሴ ሚዛን ሆኜ፤ ልዩነቱ ግን ጠፋኝ።
ዋስትናስ? ጉሌድ ሳቀ፣ ጥርሱ በጫት አረንጓዴ፤
«እኔ ነኝ ዋስትናው፤ እስከ መግሪብ እዚሁ ነኝ፣ ጠፍቼ አውቃለሁ እንዴ?»

ታዲያ ቢጫው ለምን በሦስት ሺህ ብር ይበልጣል?
«ይሄ አዋቂ ነው» አለ፣ «ይመርጣል።
ወርቅ ሲያገኝ ያቀነቅናል፣ ብር ሲያገኝ ያፏጫል፤
ዝገት ሲያጋጥመው ግን ዝም ብሎ ያልፋል።
ጥቁሩ ያው ነው፤ ለወርቅም ለቆርኪም አንድ ዓይነት ይጮኻል።»

አብሮኝ የመጣው ኢልያስ፣ የድሮው የባቡር ነጂ፣
«ቢጫውን ያዝ» አለኝ፣ «አትሁን ቀን ፈጂ!
አንድ ቀለበት ካገኘህ ዋጋውን መለሰ።»

ሙከራ ይሻላል አልኩ። ደቻቱ ወረድን፣ ከድልድዩ ሥር፣
ወንዝ የሚሉት አሸዋ፣ ውሃ ከክረምት የሚበደር።
የጋብቻ ቀለበቴን ቀበርኩ፤ አንድ አምሳ ሳንቲም ቀበርኩ፤
ከኪሴ የማትለየውን የሐዲድ ብሎን አወጣሁ፣ እሷንም አፈር አለበስኩ።
ቢጫው ለቀለበቱ አዜመ፣ ለሳንቲሙ አፏጨለት፣
ብሎኗን ግን እንዳላየ አለፋት፤
ሹመት ያገኘ ሰው አብሮ አደጉን ሲያልፈው እንዳየሁት።

ጥቁሩ ሦስቴም ጮኸ፣ ምንም ሳያበላልጥ፤
ኢልያስ ሳቀበት። እኔ ገና ከራሴ ጋር ነኝ፤ የትኛው ይብለጥ፣
የትኛው ይብለጥ ስል፣ አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ፣ መጣችብኝ ትብለጥ።

ትብለጥ ባለቤቴ ናት። ጎርፉ በዚህ በወረደበት ሌሊት
የስፌት መኪናዋን ወሰደባት።
በሁለት ዓመት ብድር የገዛችው፣ አንገቱ ጥቁር፣ ፔዳሉ ብረት፣
እንደ ሕፃን በሻሽ የምትሸፍነው፣ ከነጠረጴዛው ነጎደባት።
ሰው የሄደባቸው አሉና፣ አፍራ አላለቀሰችለት።
ዛሬም ሸሚዜ ሲተረተር ለጎረቤት ትልካለች፣
መርፌ የማታውቅ ሴት ይመስል፣ ያለ አንዲት ቃል ምሬት።

ወርቅ አልጠፋብንም እኮ! መቼ ኖሮን ያውቃል?
ከቤታችን የሄደው ብረት ነው፤ ይሄ ቢጫ በላዩ ቢያልፍ ዝም ይላል።
እኔስ ብሆን፣ አንድ ጣቴን የበላው፣ ልጆቼን ያበላው ብረት አይደል?

ጥቁሩን ጠቅልልልኝ አልኩ። ጉሌድ ደነገጠ፤ «ጋሼ፣ ወርቁንስ?»
«ወርቅ ፈላጊ ሞልቶታል።» ኢልያስ እስከ ምድር ባቡር ድረስ
አኮረፈኝ፤ አላናገረኝም እስክንደርስ።

ለትብለጥ «ጊዜ ማሳለፊያ ነው» አልኳት። «የሽማግሌ መጫወቻ» አለች።
ሳምንት ሆነኝ። አርባ ሁለት ቆርኪ፣ የጋሪ ፈረስ ጫማ ግማሽ፣
የሰርዲን ቆርቆሮ፣ ጥርሱ ያለቀ ብሎን፣ ብዙ ሚስማር።
የስፌት መኪና? የለም። አሸዋው ጥልቅ ነው።
ትናንት ማታ ከረጢቱን ደፋችና በጣቷ በታተነች፣
አንድ ጠማማ ሚስማር መርጣ በድንጋይ አቃናች፣
የወደቀውን የቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ ሰቀለች።
«ነገም ትሄዳለህ?» አለች።