የፈረሰ ቤት ስፋት

ከጁራ ተራራ ግርጌ፣ ሁለት አገር በሚዋሰንበት፣
ኤሜ ላሞቹን ያሰማራል፤ ቃጭላቸው ይሰማል በሌሊት።
ከሣሩ በታች መቶ ሜትር፣ ብረት በበረደበት ዋሻ፣
ፕሮቶን ፕሮቶንን ይገጥማል፣ ሳይኖረው ማምለጫ መሸሻ።

ኢልዲኮ የሌሊት ተረኛ ናት። ስድስት ስክሪን ፊቷ በርቷል፤
ሻይዋ ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

ኤሜ አንድ ቀን ጠይቋት ነበር፣ አጥር ተደግፎ በማለዳ፦
«ለመሆኑ ምን ትለኪያለሽ፣ እዚያ ታች፣ በእኔ ማሳ ጓዳ?»

«ቤት» አለችው፤ «ደጁን ሳናንኳኳ የሚፈርስ፣
ዕድሜው ለጥቅሻ ሽራፊ እንኳ የማይደርስ።
ፍርስራሽ የለው፣ መሠረት የለው፤
ምስክሩ ከውስጡ የወጡት ልጆቹ ናቸው።
ፓዮን እንላቸዋለን። መንታ ናቸው፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም፤
አንዱ በሄደበት ያዘነብላል ሌላው፣ ከጥንዱ ርቆ አይቆይም።
ተጠጋግተው የወጡትን ስንቆጥር፣ ስንደምር፣
ማንም ያላየው ግድግዳ ልኩን ይነግረናል በቁጥር።
ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፦ ቤቱ ሲጠብ ዝምድናው ይሰፋል፤
ቤቱ ሲሰፋ ዝምድናው እንደ ክር ቀጥኖ ያልፋል።
ልጅ የበዛበት ግጭት ሰፊ ቤት ሆኖ ይገኛል፤
እየሮጠ የወጣ ጥንድ ግን ‹ጎጆ ነበር› ይለኛል።»

ኤሜ ባልዲውን አነሳ። «ላሞቼም እንደዚያው ናቸው፤
ሮጠው የሚወጡት ናቸው በረቱ ሁሌ የሚጠብባቸው።»

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።
ወንድሟ ባሊንት ነው፣ ከሚሽኮልትስ፤ ድምፁ የተቆራረጠ።
«ሕንፃችንን አፈረሱት» አለ። ዝም አለ። ቀጠለ።
«ማድ ቤቱ ትዝ ይልሻል? ለሰባት ሰው የሚበቃ፣ የተንጣለለ?»

«ኧረ ባሊንት! ክንዴን ስዘረጋ ሁለት ግድግዳ እነካ ነበር።»
«በክረምት ብስክሌት ነድቼበታለሁ፣ ውጭው በረዶ ሲጋገር!»

ተከራከሩ። ተሳሳቁ። በመሐል ደግሞ ዝም አሉ፤
ስክሪኑ ላይ ነጥቦች አንድ በአንድ ይወድቃሉ።

እሱ የቀረው ነው፤ አባቱን ያስታመመ፣ በሩን መጨረሻ የዘጋ፤
እሷ በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ለባቡር ልትደርስ፣ ገና ሳይነጋ፣
ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለች የወረደች፣
አንዴም ዞራ ሳታይ የሄደች።

የኤሜ ባልዲ ትዝ አላት።

«ኢልዲኮ? አለሽ? ለማዘጋጃ ቤቱ ቅጽ፣ ስንት ካሬ ሜትር ልሙላ?»
እስክሪብቶዋን አነሳች። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥንድ ወደቀ፣
ተጠጋግቶ፤ ከዚያም ሌላ።