ነጥቦቹ የሄዱበት

ሸምሱ በላስቲክ ውሃ ቋጥሮ
አመጣት ከዶሮ ማነቂያ፣ እንደ እንቁላል አክብሮ።
የሻይ ሰሃን ታህላለች፣ ጅራቷ የአለንጋ ጫፍ፤
ጀርባዋ በከሰል ላይ የተበተነ ሰሊጥ፣
አንዱ ባንዱ ላይ የማያልፍ።

«እናቷ ጥቁር ናት» አለን፣ «ነጥቧ እንደ አዲስ ሳንቲም፤
አባቷ ቡኒ ነው፣ ባለ ብርቱካን ክብ፤
ወንዝ አላገናኛቸውም፤
ገንዳ ነው ያጋባቸው፣ በሰው አገር፣ በሰው ሐሳብ።»
ዲቃላ አላላትም፤ «ቅይጥ ናት» አለ፣ ቃሉን መርጦ፤
«ነጥቧ ግን አይለቃት፤
የነብር ዥንጉርጉር የት ይሄዳል ከቆዳው አምልጦ?»

ዶክተር ተዋበች ከፈለች።
ገንዳው ከመጠበቂያው ወንበር ፊት ቆመ፤
ጥርሱን የታመመ ሁሉ እሷን እያየ ታመመ።

ስቲንግሬይ ነው ስሟ ሲሉኝ አፌ አልለመደውም፤
ሰፌድ አልኳት። ሰምታ አልተቀየመችም።
ውሃዋን የምቀይር፣ መስታወቷን የምወለውል እኔ ነኝ።
ከጣቴ ጫፍ ዓሣ ስትቀበል
አፏ ከሆዷ በኩል ነው፤ የሚስቅ ይመስላል፤
እንደማይስቅ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደስ ይለኛል።

በቀጠሮ መዝገቡ ኅዳግ፣
«አልጋነሽ፣ ሁለት መንጋጋ» ከሚለው አጠገብ፣
በእስክሪብቶ እሥላታለሁ፦
አንድ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ነጥብ።

በጥቅምት አርባ አንድ ቆጠርኩ።
በጥር ቆጠራው ጠፋኝ፤ ሁለቱ ተያይዘው ነበር፤
አንዱ መሐሉ ተቦርቡሮ
ቀለበት ሆኖ አደረ።
በሚያዝያ ቀለበቱ ተበጠሰ፣ ትል መስሎ ተጋደመ፤
ነጩ ቅቤ ሆነ፣ ቅቤው ደግሞ ማር፤
ጥቁሩም፣ ለእናቴ እንደ ለበስኩት የሐዘን ቀሚስ፣
ሲታጠብ ሲታጠብ
ወደ ቡኒ ዞረ።
ከጠርዟ ላይ ብቻ ጥቃቅኑ ነጥብ ቀረ፣
የነጠላ ጥለት ይመስል።

«ይህቺ እኮ ያቺ አይደለችም!» አለች ዶክተር።
«ታማለች? ውሃው ነው? አንቺ ነሽ?»
«አድጋለች» አልኩ።
«ሂጂ፣ ሸምሱን ጥሪው፤ ወይ ይለውጥ ወይ ይመልስ።»

መዝገቡን በብብቴ ይዤ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ወረድኩ።
ዶሮ ማነቂያ ጋ ደረስኩ መሰለኝና ቆምኩ።
ሱቁ የለም።
ከሱቁ ጎን የነበረው ሥጋ ቤት የለም።
ግራ የምታጠፍበት ግራ ራሱ የለም።
ሰፊ መንገድ፣ አዲስ ሣር፣ ተደርድሮ የተሰካ መብራት፤
አንድ ጥበቃ፣ ልጅ እግር፣
«እማማ» አለኝ፣ «ሣሩን አይርገጡት።»

እማማ።
ዞር ብዬ ያየው ሌላ ሰው ካለ ፈለግኩ።
ከባንኩ መስታወት ውስጥ አንዲት ሴት መዝገብ ይዛ ቆማለች፤
ሶስናን ሳረግዝ በሦስት ነጥብ የጀመረው ማድያት፣
ሎሚ ያልበገረው፣ ቅባት ያላስለቀቀው፣
ተያይዞ፣ ዳር ዳሩን አጥቁሮ፣
ጉንጫን አልፎ ወደ አንገቷ ወርዷል።

«ሸምሱስ?» አለች ዶክተር።
«ሰፈሩ አድጓል» አልኳት።
ትንሽ ዝም አለች። ጓንቷን አጠለቀች። «የሚቀጥለውን አስገቢ።»

የሚቀጥለው ጉንጩ ያበጠ ልጅ ነው፤
በመሐረብ አፉን ይዞ፣ ከገንዳው አልነቀል አለ።
«ማነው የሣለባት?» አለ።
ልመልስለት ስል፣
ሰፌድ ከአሸዋው ተነሣች፣
በመስታወቱ ላይ ተለጠፈች በሆዷ፤
ያ ነጭ፣ በመጣችበት ሐሙስ እንደነበረው፣
አንድም ያልተጻፈበት።