ቁልቁለቱን ጠይቂ

እቁቡ ደረሰኝ፣ በጥቅምት መባቻ፤
ዕጣም አላስፈለገ፣ የቀረሁት እኔ ብቻ።
ብሩን በሻሼ ቋጥሬ፣ ወደ ጓሮ አየሁ፦
ቆሟል ያ ማሽናችን፣ የበቆሎ መፈልፈያ፣
በሁለት ጎማው ላይ፣ ለዶሮ ማደሪያ።
ከሰርቦ፣ ከደዶ፣ ስልኬ ይጮኻል፦
«በቆሎው ደርቋል፤ ማሽንሽ መቼ ይመጣል?»
የሚጎትተው ጠፍቶ እንጂ፣ እሱስ ይሠራል።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ባሌ ከሊፋ፣
ቀይ መኪና ገዝቶ፣ ቀናተኛ አስከፋ።
ቀለሙን ነው ያየው፤ ሞተሩን መች አየ?
ደዶ ዳገት ላይ፣ ካምቢዮው ተለያየ።
እኔና መፈልፈያው፣ ጭቃ ላይ አደርን፤
እሱ መኪናውን ሲያባብል፣ እኛ ጅብ ቆጠርን።
ዘንድሮ ግን ብሩ፣ ያለው እኔ እጅ ነው።
«ከፈለግህ ተከተል፤ ቀለም ማየት ክልክል ነው።»

ፈረንጅ አራዳ፣ ደላላው ዘኪ፣
ምላሱ ማር ልሶ፣ ለመኪና ሰባኪ፦
«የሐኪም ሚስት ነድታት፣ ከቤት እስከ ገበያ፤
ጭቃ የሚባል ነገር፣ አታውቅም ይህቺያ።»
በሩን ከፈትኩና፣ ምንጣፉን ገለጥኩ፤
ከሥሩ የጊቤን አሸዋ፣ በእፍኜ ዘገንኩ።

መካኒኩ ተማም፣ ወሬ አያበዛም።
ማለዳ ይመጣል፣ ሞተር ሳይቀሰቀስ፤
«ቀዝቃዛ ሞተር አይዋሽም» ይላል፣ ክዳኑን ሲዳስስ።
ነጩን ጭስ፣ ሰማያዊውን ጭስ፣ እንደ ፊደል ያነባል፤
ከሥር ይተኛና፣ ሻንሲውን በመዶሻ ይመታል፤
ድምፁ ከደከመ፣ «ይቅርብሽ» ይላል።
አንዷ ተገልብጣለች፤ አንዷን ዝገት በልቷታል፤
የአንዷ ዋጋ ደግሞ፣ ከሁለት እቁብ ይልቃል።
ከሊፋ አንዲት ነጭ አይቶ፣ ዙሪያዋን ይዞራል።

በአራተኛው ሳምንት፣ ከጅሬን ግርጌ፣
ከአንድ ሽማግሌ ደጅ፣ ቆማለች አሮጌ።
ፒክአፕ ናት፤ መልኳ ግራጫ፣ ወይም አቧራ፤
ግራ በሯ ጎድጉዶ፣ አንድ ዓይኗ የማይበራ።
አባ ኦሊ፣ ባለቤቷ፣ አላሞገሳት፦
«ዘይት ትወዳለች፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣ ቁጣ ቢጤ አለባት።»
ከዚያ ከካፖርቱ፣ ደብተር አወጣ፣
የተማሪ ደብተር፣ ጠርዙ የገረጣ፦
ዘይት የተቀየረበት፣ ወሩና ቀኑ፣
የፍሬን ሸራው፣ የቺንጊያው ዘመኑ።
አሥራ አንድ ዓመት።
አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦
«ዛሬ ልጄን ዳርኩ። ዘይቱን ነገ።»

«ትጎትታለች?» አልኩት።
«መጎተቱንስ ተይው፣ በሬም ይጎትታል፤
ቁልቁለት ላይ ነው ጉዱ፤ ጭነቱ ይገፋል።
ስለ ዳገቱ አትጠይቂኝ፤ ቁልቁለቱን ጠይቂ።»

ተሳቢውን አሰርን፤ ዶሮዎቹን አባረርን
(አንዷ እምቢ አለች)።
ጅሬንን ወጣን። ተማም ጆሮውን ሰጠ፤
የሙቀት መለኪያው፣ መሐል ላይ ተቀመጠ።
አናቱ ላይ ዞርን። ጂማ ከታች ተዘረጋ፤
ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፣ ሌሊት ዘንቦ ነግቶ።
ከዚያ ቁልቁል።
መፈልፈያው ከኋላ፣ ጀርባችንን ገፋ፤
«ያ ረቢ!» ብሎ፣ ዳሽቦርድ ጨበጠ ከሊፋ።
ሁለተኛ ማርሽ ያዝኩ፤ ሞተሩ አጉረመረመ፤
ፍሬኑን ረገጥኩ፤
እኛም፣ ብረቱም፣ ዶሮዋም፣
ሁሉም ቀስ ብሎ ቆመ።
ከሊፋ ዞሮ አየኝ። ምንም አላለም።
ሃያ ዓመት ተጎታተናል፤ እንዲህ አይቶኝ አያውቅም።

በዋጋው ተከራከርን፣ እስከ አዛን ድረስ፤
ትንሽ እኔ ጨመርኩ፣ ትንሽ እሱ ሲቀንስ።
ደብተሩን ግን ሽማግሌው፣ ወደ ኪሱ መለሰ።
«ያለ ደብተሩ አልገዛም» አልኩ።
እጁ ዘገየ።
ሰጠኝ።

ማታ ከሊፋ፣ የጎደጎደውን በር እየዳበሰ፣
«ቀይ ብንቀባትስ?» አለኝ፣ ድምፁን ቀነሰ።
መልስ አልሰጠሁም። ደብተሩን ገለጥኩ፤
ባዶው መስመር ላይ፣ ቀኑን አስቀመጥኩ፦
«ኅዳር ሁለት። ዘይት ተቀየረ።
ነገ ሰርቦ።
ዶሮዋ እስካሁን አልወረደችም።»