የተቋጠረ ብርድ

«ዓሣው እንደ ልብ ነው፣ ደመወዙም ደህና፣
ልጆቹም አድገዋል፣ ሁላችንም ጤና።
አንድ ነገር ብቻ፣ ሰው ሲመጣ ላኩልኝ፤
ከቶሳ ተራራ ብርድ ቋጥሩልኝ።»

እህቴ ሸምሲያ ናት፣ ከአሰብ የጻፈችው።
በቀልድ ነው።
አባቴ ግን ቀልድ አያውቅም።
ጋቢውን ይዞ ወጣ አንድ የጥቅምት ማታ፣
ከአጥሩ ላይ አሰጣው፣ ውርጭ እስኪመታ።
ሲነጋ፣ ጠርዙ እንደ ቁርበት ደርቆ፣
ጠቀለለው ቶሎ፣ በላስቲክ ሸፍኖ፣ በሲባጎ አንቆ፤
አፉን እንደ ማር ቅል ደጋግሞ ቋጠረ፣
«ብርድ አይጠብቅም፣ ይመር የታል?» ብሎ ደጅ ደጁን ዞረ።

መኪናዋ ኤንትሬ ናት፣ በዕድሜ ታላቄ፤
ከታች አተር አለ፣ ከላይ እኔና ስንቄ።
ይመር ሾፌሩ ግን
ሸዋ በርን ሳንለቅ ሦስት ጊዜ ቆመ፤
አንዴ ለሰላምታ፣
አንዴ ሊጠይቅ ገብቶ፣ ልጁ የታመመ
ጎረቤት ነበረው፣
አንዴ ደግሞ ለምን እንደሆን ረስቶ
ወርዶ፣ ራሱን አክኮ፣ ተመልሶ ገብቶ።
አባቴ እጁን ዘርግቶ ሰዓቱን ቢያሳየው፣
«ባሕሩ የትም አይሄድ፤ ሩጫው ለማነው?»

ሐረጎን ስንወርድ ፍሬኑ ያቃስታል፣
አባቴ ያን ጥቅል እንደ ሕፃን ታቅፎታል።

ባቲ ስንደርስ ሰኞ፣ ገበያው ደምቆ ነበር፣
ይመር ወርዶ ገባ ግመል ሊከራከር።
(ሊገዛ አይደለም፤ ግመል የት ሊያስቀምጥ?
ጥርስ መቁጠር ነው ሱሱ፣ ዋጋ ሰምቶ መደንገጥ።)
ረዳቱ አህመዲን ወደኋላ ጠቁሞ፣
«ደጋን ተሰናበት፤ አይታይህም ደግሞ» አለኝ።
ዞሬ ባይ ተራራው ደመናውን ለብሶ
እንደ ተኛ ሰው ነው፣ ጀርባውን መልሶ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወረደ፣ ወረደ።
ሙቀቱ እንደ እንግዳ ቀስ እያለ ለመደ፤
አንድ ቁልፍ ፈታን፣
ትንሽ ሄደን፣ ሌላ ቁልፍ ፈታን፣
ኋላ ሸሚዙን ራሱን አውልቀን ትራስ አደረግን።

ሚሌ ላይ መሸብን።
ከጎማው አጠገብ ጅባ አንጥፈን ጋደም እንዳልን
አንዲት የአፋር ሴት ወተት ይዛ መጣች፤
ጢስ ጢስ የሚል ወተት። ተቀመጠችና፣
ከአባቴ ጭን ላይ ያለውን ጥቅል አየች።
«ምንድን ነው?» አለች፤ ይመር አስተረጎመ።
«ብርድ ነው» አለ አባቴ።
ይመር ይህን ለመናገር ትንሽ አቅማማ፣
ከዚያ ነገራት።
አልሳቀችም። መዳፏን ላስቲኩ ላይ አኖረች፣
ቆየች፣
«ጥቂት ቀርቷል» አለች።

ዶቢ ላይ፣ ነጩ ሜዳ ጨው ይሁን ውኃ ሳንለይ፣
ጎማችን ፈነዳ ከጠራራው ፀሐይ።
ይመር ጎማ ፈታ፣ ወሬውንም ፈታ፤
ስንነሳ ጥላው ረዝሟል፤ ሆኗል ማታ።
ኤሊ ዳር አንድ ቀን፣ በፍየል ተከበን።
(ያኔ ቡሬ ላይ የሚያስቆመን የለም፣
ሻይ ካልሆነ በቀር።)

በስድስተኛው ቀን ሸምሲያ ከደጅ ቆማ፣
አባቴ ሰላምታውን ገና ሳይጨርስ ሲባጎውን በጥርሱ ፈታ።
ጋቢው ሞቋል።
የሞተር ትኩሳት፣ የአተር አቧራ ይሸታል።
«ይመር ነው» አለ አባቴ አፍሮ፣ «መንገዱን አረዘመው።»
እሷ ፊቷን ቀብራ
አልመለሰችም፤ ዝም አለች እዛው ውስጥ።

ያን ሌሊት፣ አሰብ በሙሉ ሰገነት ላይ ወጥቶ፣
አንሶላውን በውኃ ነክሮ፣ እርቃኑን ተኝቶ፣
እህቴ ብቻዋን ተከናነበችው ከራስ እስከ ጥፍሯ።
ትንሹ ልጅ ፈራ፦ «እማዬ ታመመች?»
«ዝም በል» አለችው ከውስጥ፣ «ውርጭ እየወረደ ነው።»

ጠዋት ጋቢው ርሷል፣ ቢጨመቅ ይወርዳል።
ላቧ ነው አልኩ እኔ።
አባቴ ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ ዳሰሰው፣
ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣
«ጤዛ ነው» አለ።